ዓሣው መጨረሻ ላይ ነው የሚገባው

(ትልልቅ የወንዝና የሐይቅ ዓሦችን ወደ ሰፊ አኳሪየም ስለማዛወር በአንድ የዓሣ አርቢዎች ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)

እንደምን ዋላችሁ? ከኋላ የተቀመጣችሁ፣ ድምፄ ይደርሳችኋል? ጥሩ። እንቀጥል።

በመጀመሪያ የጋበዙኝን አዘጋጆች አመሰግናለሁ። ልጆቻችሁን ይዛችሁ የመጣችሁ ወላጆችም በርቱልኝ። ብዙ ቤት ውስጥ «ዓሣ ይገዛልኝ» ብሎ የሚያለቅሰው ልጁ ነው። ባልዲ የሚሸከመው ግን ወላጁ ነው። ስለዚህ ሁለታችሁም ብትሰሙኝ ይሻላል።

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ሲገዛ ጣት የሚያህል የነበረ፣ አሁን ግን ክንድ የሚያህል ዓሣ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ። አያችሁ? የአዳራሹ ግማሽ እጁን አወጣ! የዛሬው ወሬ እንግዲህ የእናንተ ነው።

«ዓሣ የሚያድገው በቤቱ ልክ ነው» ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። የሸጠላችሁ ሰውም እንደዚያ ብሏችሁ ይሆናል። እውነት አይደለም። ጠባብ ቤት ውስጥ ያለ ዓሣ የሚቀጭጨው ውሃው ስለሚበላሽበት ነው። ቤቱን ለክቶ «ይበቃኛል» ብሎ ማደግ የሚያቆም ዓሣ የለም። ኦስካር በደንብ ከተያዘ 30 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል፣ ያልፋልም። መስታወት ይጠርጋል ተብሎ የሚገዛው ተራው ፕሌኮ 40 ሴንቲ ሜትር ሊሞላ ይችላል። ብርማው አሮዋና በተፈጥሮ ቤቱ 90 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ይደርሳል። ቀይ ጭራው አምባዛ ደግሞ ከ1 ሜትር በላይ ነው። ይሄኛውን እንኳ ባትገዙት ይሻላል። የሚበቃው አኳሪየም የላችሁም። እኔም የለኝም።

ስለዚህ አንድ ቀን ትልቅ ቤት መግዛታችሁ አይቀርም። ያ ቀን ሲመጣ ብዙ ሰው የሚያስበው ስለ ዓሣው ብቻ ነው። እንዴት ልያዘው? በምን ልሸከመው? እነዚህም ጥያቄዎች ናቸው። ግን ዛሬ ደጋግሜ የምነግራችሁ ሌላ ነው። ዓሣው መጨረሻ ላይ ነው የሚገባው። ሥራው ማለቅ ያለበት እሱን ከመንካታችሁ በፊት ነው። ዓሣው መጨረሻ ላይ!

ንግግሬን በሦስት እከፍለዋለሁ። አንደኛ አዲሱ ቤት፣ ሁለተኛ መያዝና መሸከም፣ ሦስተኛ ከገባ በኋላ ያሉት ሳምንታት። አንደኛው ይረዝማል። አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

አንደኛ፦ አዲሱ ቤት።

መጀመሪያ ስለ ስፋቱ። ሰው አኳሪየም ሲገዛ ከፊት ለፊት ቆሞ ርዝመቱን ነው የሚያየው። እናንተ ግን ከጎን እዩት። ከፊት መስታወቱ እስከ ኋላው ስንት ነው? ዓሣው ሳይተጣጠፍ መዞር አለበት። 30 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ኦስካር ላለው ሰው እኔ የምመክረው ከፊት ወደ ኋላ 60 ሴንቲ ሜትር ያለውን ነው። ርዝመቱ ሁለት ሜትር ሆኖ ወደ ውስጥ 30 ብቻ የሆነ አኳሪየም ለትልቅ ዓሣ መተላለፊያ ኮሪደር ነው፣ ቤት አይደለም።

ክብደቱንስ አስባችሁታል? አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው። 180 በ60 በ60 ሴንቲ ሜትር የሆነ አኳሪየም እስከ አፉ ቢሞላ 648 ሊትር ይይዛል። መስታወቱ፣ አሸዋው፣ ድንጋዩና መደርደሪያው ሲጨመሩበት 800 ኪሎን መጠጋቱ አይቀርም። ፎቅ ላይ የምትኖሩ ከሆነ ግንባታ የሚያውቅ ሰው ጠይቁ። ከመሙላታችሁ በፊት ውሃ ልክ አስቀምጣችሁ እዩት። አንድ ጎን ዝቅ ካለ መስታወቱ ላይ የሚያርፈው ጫና እኩል አይሆንም። ከዚያ ሙሉትና ለተወሰኑ ቀናት ባዶውን ይቆይ። ማለቴ፣ ዓሣ ሳይኖርበት። የሚያፈስ ከሆነ ያኔ ያፍስስ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ውሃው ንጹህ መስሎ መታየቱ ምንም ማለት አይደለም። ምንም! አዲስ አኳሪየም ውስጥ ያለ ውሃ የሚያንጸባርቀው ስለሞተ ነው። ይቅርታ፣ «ሞተ» ስል መርዝ ነው ማለቴ አይደለም። ሥራ የሚሠራበት የለም ማለቴ ነው።

ዓሣ ቆሻሻውን የሚያስወጣው በአብዛኛው በስንጥቡ፣ ማለትም በሚተነፍስበት አካሉ በኩል ነው። የሚያስወጣው አሞኒያ ነው። አሞኒያ መርዝ ነው። አንድ ወገን ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጡታል። ናይትራይትም መርዝ ነው፤ ደም ውስጥ ገብቶ ኦክስጅን እንዳይጓጓዝ ያደርጋል። ሌሎች ባክቴሪያዎች ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። ናይትሬት እንኳ መጠኑ እስካልበዛ ድረስ አይከፋም፤ ውሃ ስትቀይሩ ይወጣል። ይህ ሰንሰለት ባዶ አኳሪየም ውስጥ ከዜሮ ተነስቶ እስኪቆም ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈልጋል።

ታዲያ ባክቴሪያዎቹ የት ነው የሚኖሩት? ውሃው ውስጥ ነው የምትሉ አላችሁ? ብዙ ሰው እንደዚያ ያስባል። አሮጌውን ውሃ በባልዲ እየተሸከመ ወደ አዲሱ ያፈሳል፤ ባክቴሪያውን ያዛወረ ይመስለዋል። ባክቴሪያዎቹ ግን በአብዛኛው የሚኖሩት ተጣብቀው ነው። የማጣሪያው ስፖንጅ ላይ፣ ማጣሪያው ውስጥ ያለው ሴራሚክ ላይ፣ ጠጠሩ ላይ፣ ድንጋዩ ላይ። ውሃውን ብቻ ብትወስዱ እነሱን ትታችኋቸው ነው የሄዳችሁት።

እዚህ ላይ አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። አንድ የማውቀው ሰው ማታ ደወለልኝ። ሁለት ትልልቅ ኦስካሮች አሉት። ወደ አዲስ ቤት ካዛወራቸው አራተኛ ቀኑ ነው። «ዓሦቼ ላይ ላዩን እያዛጉ ነው» አለኝ። ሲዛወሩ ተጎድተው ይሆን ብሎ ፈርቷል። እኔ ግን ስለ ዝውውሩ አልጠየቅኩትም።

«ማጣሪያውን ምን አደረግከው?» አልኩት።

«አጠብኩታ!» አለኝ። «በቧንቧ ውሃ ሙልጭ አድርጌ። ለአዲስ ቤት አሮጌ ቆሻሻ ይገባል እንዴ?»

አያችሁ? ያ «አሮጌ ቆሻሻ» ነበር ዓሦቹን በሕይወት ያቆያቸው። የቧንቧ ውሃ ውስጥ ክሎሪን አለ። ክሎሪን የሚገባው ባክቴሪያ እንዲገድል ነው፣ ስፖንጁ ላይም ሥራውን ሠራ። ሰውየው ዓሦቹን ሲያዛውር አንድ ቅርፊት አላወለቀባቸውም። ጎበዝ ነው። አደጋው የመጣው በአራተኛው ቀን ነው። አሞኒያ ለመጠራቀም ጊዜ ይፈልጋላ። ያን ሌሊት ግማሹን ውሃ ክሎሪኑ በተወገደ ውሃ ቀየረ፣ ምግብ አቆመ። በነጋታው ከእኔ ማጣሪያ የወጣ፣ ጭቃ የመሰለ ስፖንጅ ወሰድኩለት። በሁለት እጁ ነው የተቀበለኝ። ዓሦቹም ተረፉ።

ስለዚህ ከአሮጌው ማጣሪያ የሚወጣው ስፖንጅ ለአዲሱ ቤት እርሾ ነው። ሳትጥሉት፣ ሳታጥቡት ወደ አዲሱ ማጣሪያ አስገቡት። ከሁሉም የሚሻለው ደግሞ አዲሱን ማጣሪያ ቀደም ብላችሁ፣ ከአንድ ወር በፊት አካባቢ፣ አሮጌው አኳሪየም ላይ ከድሮው ጎን ማሠራት ነው። ሁለቱ አብረው ይሥሩ። የመዛወሪያው ቀን ሲደርስ አዲሱ ማጣሪያ ሥራ ለምዶ ይጠብቃችኋል። ይህን ያደረገ ሰው ከግማሽ በላይ ጭንቀቱ ቀሎለታል።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ማጣሪያው ጠፍቶ፣ ተዘግቶ ለሰዓታት አይቀመጥ። ውስጡ ያሉት ባክቴሪያዎች ኦክስጅን ይፈልጋሉ። የተዘጋ ማጣሪያ ውስጥ ያለችው ኦክስጅን ቶሎ ታልቃለች። መንገዱ ረዥም ከሆነ ስፖንጁን አውጥታችሁ በአኳሪየሙ ውሃ በተሞላ ባልዲ ውስጥ አድርጉት፤ የአየር ፓምፕ ልቀቁበት።

አሁን ደግሞ አሮጌው ውሃ ምንም አይጠቅምም ብላችሁ እንዳትሄዱ። ይጠቅማል፣ ግን በሌላ ምክንያት። ዓሣው የለመደው እሱን ነው። ለዓመታት ውሃው በደንብ ሳይቀየር የቆየ አኳሪየም ውስጥ ናይትሬቱ ይቆለላል፣ ፒኤቹ፣ ማለትም የአሲድነቱ መለኪያ፣ ቀስ እያለ ይወርዳል። ዓሣው ከዚያ ጋር ቀስ በቀስ ተላምዷል። እናንተ ድንገት ንጹህ ውሃ ውስጥ ትጨምሩታላችሁ። ለእናንተ ውለታ ነው። ለእሱ ግን ድንጋጤ ነው። ፒኤች ከ6 ወደ 7 ወጣ ማለት ትንሽ ቁጥር ይመስላል። መለኪያው ግን በአሥር እጥፍ ነው የሚሄደው፤ የአሲዱ መጠን በአሥር እጥፍ ተለወጠ ማለት ነው።

ምን ይሻላል? ከመዛወሪያው በፊት ባሉት ሳምንታት የአሮጌውን ውሃ በትንሽ በትንሹ፣ ቶሎ ቶሎ ቀይሩ። ከመቶ 15፣ ከመቶ 20 እያላችሁ። እንዲህ ስታደርጉ አሮጌው ቤት ወደ አዲሱ እየተጠጋ ይመጣል። በመጨረሻው ቀን የሁለቱን ፒኤችና ሙቀት ለኩ። ተቀራራቢ ከሆኑ ዓሣው የሚቀየርበት ቤቱ ብቻ ነው። ውሃው ያው ነው።

ክሎሪንን በተመለከተ ባጭሩ። ማስወገጃው ጠብታ መጠኑ የሚሰላው በጠቅላላው ውሃ ነው። ከተማችሁ ክሎራሚን፣ ማለትም ክሎሪንና አሞኒያ የተዋሃዱበትን፣ የሚጠቀም ከሆነ ውሃውን ባልዲ ውስጥ አሳድሮ ማናፈስ አይበቃም፤ ክሎራሚን እንደ ተራው ክሎሪን በኖ አይጠፋም። ማስወገጃው ሲሰብረውም አሞኒያ ይለቃል። ለዚህ ነው ሥራ የለመደ ማጣሪያ ያስፈልጋል እያልኩ የምወተውታችሁ።

ሁለተኛ፦ መያዝና መሸከም።

ከመዛወሩ በፊት አንድ ወይም ሁለት ቀን ምግብ አትስጡት። ሥጋ በል ትልቅ ዓሣ ከሆነ ሁለት ቀን። አንጀታችሁ እንዳይላወስ! አይርበውም። ሆዱ ባዶ የሆነ ዓሣ መንገድ ላይ ውሃውን አያቆሽሽም፣ የሚፈልገውም ኦክስጅን ያነሰ ነው።

በዕለቱ ማሞቂያውን ከሶኬት ንቀሉ። ይህን ከሁሉም በፊት! የጋለ ማሞቂያ ውሃው ሲጎድልበት መስታወቱ ይፈነዳል። ነቅላችሁ 20 ደቂቃ ያህል ይቀዝቅዝ፣ ከዚያ ውሃ መቅዳት ትጀምራላችሁ። እጃችሁን ውሃ ውስጥ ስታስገቡ አንድም የኤሌክትሪክ ዕቃ ሶኬት ላይ ባይኖር ነው የምመርጠው።

መብራቱን አጥፉ። ድንጋዩን፣ እንጨቱን፣ ዕፅዋቱን አውጡ። ውሃውን በንጹህ በርሜልና ጀሪካን ቅዱት፤ ለመሸከሚያው ገንዳ የምትጠቀሙት እሱን ነው። ዕቃው ሳሙና ነክቶት የማያውቅ ይሁን። የዓሣው ጀርባ ከተሸፈነ በኋላ ትንሽ ከፍ ብሎ እስኪቀር ድረስ አጉድሉት። ሰው ይህን ስለማያደርግ ነው ሙሉ አኳሪየም ውስጥ በመረብ ሲያሯሩጠው የሚውለው። ማሯሯጥ ራሱ ይገድላል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባል የለ? እዚህ ግን ከፈሰሰ በኋላ የሚለቀም የለም።

አሁን ስለ መረብ። ለትልቅ ዓሣ መረብ አልወድም። ለምን? የዓሣ ቆዳ ላይ የሚያሙለጨልጭ ሽፋን አለ። ያ ሽፋን ጋሻው ነው። ሻጋታና ጀርም የሚከለክለው እሱ ነው። የወንዝና የሐይቅ ዓሣ ሰውነቱ ውስጥ ያለው ጨው ከውሃው ይበልጣል፤ ውሃ ያለማቋረጥ ሊገባበት ይሞክራል። ያ ሽፋን ሲፋቅ ጨው ይወጣበታል፣ ውሃ ይገባበታል። ሻካራ መረብ ይህን ሽፋን ይፍቃል፣ ቅርፊት ያወልቃል፣ ዓይን ይቧጭራል።

ሌላም አለ። ዓሣ ውሃ ውስጥ ሲሆን ክብደቱን ውሃው ይይዝለታል። ከውሃ ስታወጡት ያን ሁሉ ክብደት የሚሸከም ነገር የለም። ትንሽ ዓሣ ቀላል ስለሆነ ያልፍለታል። ሁለት ኪሎ የሚመዝን ዓሣ መረብ ውስጥ ተጣጥፎ ሲንጠለጠል ግን የጀርባ አጥንቱና የውስጥ አካሉ ይጎዳል። በጭራው ይዞ ማንሳትማ ጨርሶ አይታሰብም። ስንጥቡም ከውሃ ሲወጣ እርስ በርሱ ይጣበቃል፣ መተንፈስ ያቅተዋል።

ስለዚህ መልሱ ምንድን ነው? ዓሣውን ከነውሃው አንሱት። ከርዝመቱ የሚበልጥ የፕላስቲክ ገንዳ አኳሪየሙ ውስጥ በጎን አስገቡ። አንዱ ገንዳውን ይያዝ፣ ሌላው በሰፊ መረብ ወይም በለስላሳ ሰሌዳ ቀስ እያለ ዓሣውን ወደ ገንዳው ይምራው። መረቡ እዚህ የመምሪያ ዕቃ ነው። ዓሣው ሲገባ ገንዳውን አቅኑት፣ ክዳኑን ቶሎ ክደኑ፣ ለሁለት ተሸከሙት። ኮይ የሚባለውን ትልቅ የጌጥ ዓሣ የሚያረቡ ሰዎች ሁለት በኩል ክፍት የሆነ ለስላሳ የላስቲክ መሸከሚያ አላቸው፤ ውሃ ይዞ ነው ከዓሣው ጋር የሚነሳው። ካገኛችሁ እሱም ግሩም ነው። በእጅ መንካት ግድ ከሆነ እጃችሁን አርጥቡ፣ ቀለበትና ሰዓታችሁን አውልቁ።

ፕሌኮና የአምባዛ ወገን ያላችሁ ልዩ ትኩረት ስጡ። የፊት ክንፎቻቸውና የጀርባ ክንፋቸው ላይ እሾህ አለ። ሲደነግጡ እሾሁን ገትረው ይቆልፉታል። መረብ ውስጥ ከገባ አበቃ፣ አይወጣም። አንዲት ጎረቤቴ አንድ ቀን በሩጫ መጣች። «ጋሼ፣ ኧረ ድረሱልኝ! መረቡን ነው የምቆርጠው ወይስ ክንፉን?» እኔም ከወንበሬ ሳልነሳ «መረቡን! መረቡን!» ብዬ ጮህኩ። ምን ማለት ነው ክንፉን? መረብ ይገዛል። እንዲህ ሲያጋጥማችሁ በመቀስ ቀስ እያላችሁ ገመዱን ነው የምትቆርጡት፤ መጎተት የለም። ይህ እሾህ ላስቲክ ከረጢትም ይበሳል፣ ስለዚህ እነሱ የሚጓዙት በጠንካራ ዕቃ ነው። ስቲንግሬይ የሚባለው ጠፍጣፋ ዓሣ ያላችሁ ደግሞ ጭራው ላይ ያለው እሾህ መርዛማ መሆኑን አትርሱ። በገንዳ ብቻ፣ እጅ ጨርሶ ሳይገባ።

ከክፍል ወደ ክፍል ከሆነ እዚህ ላይ አለቀ። ከሰፈር ወደ ሰፈር ከሆነስ? ያኔ ጥያቄው ኦክስጅን ነው። ሙቅ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን ያነሰ ነው። በ20 ዲግሪ አንድ ሊትር ውሃ 9 ሚሊግራም ያህል ይይዛል፤ በ30 ዲግሪ 7.5 ገደማ ነው። ትልቅ ዓሣ ደግሞ ብዙ ይፈልጋል። ሙቀት የሚጠብቅ ክዳናማ ሳጥን ወይም በርሜል ያዙ፣ በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ግጠሙበት። ሳጥኑን እስከ አፉ አትሙሉት። ለአንድ ሊትር ከ1 እስከ 3 ግራም ጨው መጨመር ዓሣው ከሰውነቱ የሚያጣውን ጨው ይቀንስለታል። መኪና ውስጥ ፀሐይ አይምታው፣ ጨለማ ይሁን። መንገድ ላይ እየከፈታችሁ «እንዴት ነህ?» አትበሉት።

ዓሣ ረዥም መንገድ አይችልም ብላችሁም አትፍሩ። ሳንባ ያለው የአውስትራሊያ ዓሣ አለ። ግራንድዳድ የሚባለው እ.ኤ.አ. በ1933 ፓሲፊክን በመርከብ ተሻግሮ ቺካጎ ወደሚገኘው ሼድ አኳሪየም ገባ። እዚያው እስከ 2017 ኖረ! ማቱሳላ የምትባለው ሌላዋ ደግሞ በ1938 ሳን ፍራንሲስኮ ወዳለው ስታይንሃርት አኳሪየም ገብታ ለአሥርተ ዓመታት ኖራለች። በእርግጥ እነዚህ ዓሦች አንድ ብልጫ አላቸው፤ ውሃው ሲከፋ ብቅ ብለው አየር ይስባሉ። የእናንተ ኦስካር ይህን አይችልም። ለእሱ ሳንባ የምትሆኑለት እናንተና የባትሪዋ ፓምፕ ናችሁ።

ሲደርስስ? ሙቀቱን አቀራርቡ፤ ልዩነቱ ከ1 እስከ 2 ዲግሪ ባይበልጥ ነው የሚሻለው። ከዚያ ከአዲሱ ውሃ በየአሥር ደቂቃው ትንሽ ትንሽ ወደ ገንዳው ጨምሩ። ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ይበቃል። የአየር ፓምፑ አይቁም።

ግን አንድ ወጥመድ አለ። ጥቂት ሰው ነው የሚያውቀው፣ ስለዚህ ጆሯችሁን ስጡኝ። በታሰረ ከረጢት ውስጥ ብዙ ሰዓት የተጓዘ ዓሣ የተነፈሰው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ውሃው ውስጥ ይጠራቀማል፣ ፒኤቹም ይወርዳል። አሞኒያውም ይጠራቀማል። ነገር ግን ፒኤች ሲወርድ አብዛኛው አሞኒያ ጉዳቱ ወዳነሰው መልኩ ይለወጣል። በ25 ዲግሪ ሙቀት፣ ፒኤች 7 ላይ መርዛማው ክፍል ከመቶ አንድ አይሞላም። ፒኤች 8 ላይ ከመቶ 5 ያልፋል። ከረጢቱን ስትከፍቱት ጋዙ ይወጣል፣ ፒኤቹ ከፍ ይላል፣ ያ ተኝቶ የነበረ አሞኒያ ይነሳል። ሰውየው ግን «ቀስ ብዬ ላላምደው» ብሎ በዚያ ውሃ ውስጥ ሁለት ሰዓት ያስቀምጠዋል። ደግነቱ ነው የሚጎዳው! ረዥም ተጉዞ የመጣ ከሆነ ሙቀቱን ከረጢቱ ሳይከፈት አመሳስሉ፣ ከዚያ ከፍታችሁ ሳትዘገዩ አዛውሩት። የመጣበትን ውሃ አፍስሱት፣ ወደ አዲሱ ቤት አይግባ። ይህ የሚሆነው ለረዥሙ ጉዞ ነው። ከጓዳ ወደ ሳሎን የመጣ ዓሣ ይህ አያሳስበውም።

ስታስገቡት አትወርውሩት። ገንዳውን ከውሃው ሥር አዘንብሉት፣ ራሱ ይውጣ። ብዙ ዓሣ ካላችሁ ትንሹና ዓይን አፋሩ ቀድሞ ይግባ። ጉልበተኛው የመጨረሻው ይሁን። ቀድሞ የገባ ጉልበተኛ ቤቱን ሁሉ የእኔ ነው ይላል።

ሦስተኛ፦ ከገባ በኋላ።

መብራት አታብሩ። በመጀመሪያው ቀን ምግብ የለም። እንግዳ ጠርታችሁ «ኑ እዩልኝ» አትበሉ፤ ለሳምንት ታገሱ። ክዳኑ ግን ከመጀመሪያዋ ደቂቃ ጀምሮ ይዘጋ፣ ከባድ ነገርም ይጫንበት። በተለይ አሮዋና ያላችሁ! አሮዋና በተፈጥሮው ከውሃ በላይ ዘሎ ነፍሳት የሚይዝ ዓሣ ነው። አዲስ ቤት ውስጥ በደነገጠበት የመጀመሪያ ሌሊት ቀላል ክዳን አይመልሰውም።

የእኔ ኦስካር ሲዛወር ምን እንዳደረገ ልንገራችሁ። ጥግ ሄዶ በጎኑ ተኛ። ቀለሙ ደበዘዘ። ልጄ «ሞተ!» ብላ አለቀሰች። አልሞተም፣ አኩርፎ ነው! ኦስካር ያኮርፋል። ድንጋዩን ስታንቀሳቅሱበት እንኳ ያኮርፋል። ለቀናት ምግብም አልነካም። ስንጥቡ በእርጋታ ሲከፈትና ሲዘጋ ስላየሁ ተውኩት። አንድ ጠዋት ተነስቶ የማሞቂያውን ሽቦ ሲነክስ አገኘሁት፤ ያኔ ታረቅን ማለት ነው።

ታዲያ ኩርፊያን ከሕመም እንዴት እንለያለን? አተነፋፈሱን እዩ። ላይ ላዩን አየር የሚለምን ከሆነ፣ ስንጥቡ በፍጥነት የሚመታ ከሆነ፣ ክንፎቹን ከሰውነቱ አጣብቆ ከያዘ፣ ቆዳው ላይ ጥጥ የመሰለ ነገር ከወጣ ኩርፊያ አይደለም። ያኔ መጀመሪያ የምትሮጡት ወደ መለኪያው ነው። መድኃኒት ከዚያ በኋላ። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት አሞኒያና ናይትራይት በየቀኑ ይለካ። ሁለቱም ዜሮ መሆን አለባቸው። ካልሆኑ ከውሃው ሩብ እስከ ግማሽ፣ ክሎሪኑ በወጣለት፣ ሙቀቱ በተስተካከለ ውሃ ቀይሩ። ናይትራይት ከታየ ትንሽ ጨው ይረዳል፤ ጨው ውስጥ ያለው ክሎራይድ ናይትራይቱ በስንጥብ በኩል እንዳይገባ ይሻማዋል። ምግቡን ደግሞ በመጠኑ። ቤቱ ሰፋ ተብሎ ምግብ አይጨመርም።

አንድ ጥያቄ በወረቀት ደርሶኛል። «ዓሣውን አደንዝዞ ማዛወር አይቀልም ወይ?» ይላል። ይቀላል። የቅርንፉድ ዘይት ዓሣ እንደሚያደነዝዝ ይታወቃል። ግን በሚያስተኛውና በሚገድለው መጠን መካከል ያለው ርቀት አጭር ነው። በጣም ትልቅና አደገኛ ዓሣ ከሆነ የእንስሳት ሐኪም አጠገባችሁ ይሁን። ለሌላው ጨለማ፣ ጎደል ያለ ውሃና ሰፊ ገንዳ ይበቃል።

ሌላ ወረቀት። «አሮጌውን አኳሪየም መቼ ልሽጠው?» አይ፣ ገና በዕለቱ ገዢ የጠራችሁ እንዳላችሁ ይገባኛል! ቢያንስ ለአንድ ወር አትሽጡት። የሚተርፋችሁ ስፖንጅ ካለ ትንሽ ማጣሪያ ውስጥ አድርጋችሁ ውሃው እንዲዞር ተዉት። ያ ስፖንጅ የሚበላው ካጣ ባክቴሪያው ስለሚቀንስ በቀን ቁንጥር የዓሣ ምግብ ጣሉበት። አዲሱ ቢያፈስ፣ ዓሦቹ ቢጣሉ፣ አንዱ ቢቆስል የሚገባበት የተዘጋጀ ቤት ይኖራችኋል። መኖሪያው ጠባብ ቢሆንም ለመታከሚያ ይበቃል።

ጊዜዬን ጨርሻለሁ መሰለኝ፣ አዘጋጁ እያዩኝ ነው። ስለ ስቲንግሬይ እጁን ሲያወጣ የነበረው ወጣት የት አለ? ማይኩን ስጡት።